የጥጃዋ እምቡጥ

በቡታጅራ ዳርቻ፣ እኛ ሰፈር፣ የጥጃን ቀንድ ሳያድግ ያስቀረሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተማርኩት ከጓሮዬ በርበሬ ነው። ችግኙ ገና ከመሬት ብዙም ሳይርቅ አናቱ ላይ እምቡጥ ይይዛል። ሌላው ሰው ቶሎ አበበልኝ ብሎ ሲደሰት እኔ እቀነጥሰዋለሁ። የተቀነጠሰው ዙሪያውን ቅርንጫፍ አውጥቶ ያፈራል፤ ወደ ገበያ የሚያልፍ ገበሬ ሁሉ አጥሬ ላይ ተደግፎ ያየው ነበር።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት እንደሆነ ሚስቴ ላማችንን ስታልብ ላሟ ጎኗን ወጋቻት። አታት ሆስፒታል ድረስ ወስጄ አሳከምኳት። ዳነች፤ ወደ ላሟ ግን አልተመለሰችም። ስለዚህ ማለቡን ያዝኩት። ወንድ አለበ ብሎ ሰፈሩ ሳቀብኝ፤ ወተቱ ግን አንድም ቀን አልጎደለም።

ላሟ ያኔ ክልስ ጥጃ ነበረቻት፣ እንስት፣ እኔን ባየች ቁጥር ገመዷን የምትጎትት። ሚስቴ ስለ እሷም ቁርጡን ነገረችኝ።

«ይቺም ቀንድ ካወጣች ትሸጣለች። ቀንድ ስር ዳግመኛ አልቀመጥም።»

ጥጃዋን እንዳልሸጣት ቆረጥኩ። አናቷን ስዳብስ ከፀጉሩ ስር ሁለት ጉብታ አገኘሁ፤ አጥንቱን ገና አልያዙም፣ ከቆዳው ጋር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እምቡጥ ናቸው፣ መቀንጠስ ነው አልኩ።

ይህንን ከቀንድ የክትፎ ማንኪያ ለሚሠራው ጎረቤቴ ብነግረው ሥራውን አስቀምጦ ሳቀ።

«ጥጃም ታብባለች እንዴ? ሰው ሁሉ እንዳንተ ካደረገ ክትፎውን በምን ሊበላው ነው፣ ወንድሜ?»

ቢሆንም ሊይዝልኝ መጣ። ከአሮጌ አልጋ ቱቦ ቆርጬ አፉን በሞረድ አስተካክዬ ነበር። የጉብታዎቹን ፀጉር ላጨሁ፣ ቱቦውን ፍም ውስጥ አግዬ በቀኙ ጉብታ ላይ አስቀመጥኩና አዞርኩት። በጉብታው ዙሪያ የተቃጠለው ቀለበት እንደ መዳብ እስኪቀላ አልለቀቅኩም። ጥሩ ሆነ። በግራው ላይ እንዳሳረፍኩ ጥጃዋ ጮኸች፤ ሚስቴ ከቤት ወጣች።

«በቃህ! ተዋት!»

አነሳሁት። ቀለበቱ ገና አልተገናኘም ነበር።

ቁስሉ ደረቀ፣ ጥጃዋም አደገች፤ እናቷን ሸጥን። በቀኝ በኩል ምንም አልወጣም። በግራ በኩል ግን አውራ ጣት የምታህል፣ ወደ ታች የጎበጠች ነገር ብቅ አለች። ሚስቴ በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር ያቺን ታያት ነበር። ዛሬ ነገ ሽጣት ትለኛለች ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ቃሏ ቃል ነው።

ጊደሯ ወለደች። በማግስቱ ላልብ ስወጣ ሚስቴ ማለቢያውን ከእጄ ወሰደችው። ያቺን ጎባጣ በግራ እጇ ጨብጣ የላሟን ራስ ወደ ጎን አዞረች፣ ገመዱን ጎባጣዋ ላይ ጠምጥማ በረቱ ደጅ ካለው ግንድ ጋር አሰረችና ቁጭ ብላ ማለብ ጀመረች። ላሟ ንቅንቅ አላለችም።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ሆኖ ያቺን ጎባጣ ቆርጠን እንድንሰጠው ጠየቀ፤ ለሕፃን ማንኪያ ትሆናለች አለ።

ሚስቴ ቀና ሳትል መለሰችለት። «አትነካም። ይሄ ቀንድ አይደለም፣ እጀታ ነው።»

በሰፈሩ ቀንድ ያስቀረ ሰው ከእኔ በኋላም መጥቷል። ላም ላይ እጀታ ያወጣ ግን ከእኔ ሌላ የለም።