ሸጋ ያልተባለው የወገራ ዳማ

ጥር ፳፪ ንጋት፣ ጎንደር

የቁስቋም ኪዳን ገና ሳያልቅ እኔ ቅዳሜ ገበያ ዳር አቡጀዲ ጥቅሌ ላይ ተቀምጬ ሹፌር እረግማለሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት እንነሣለን ያለው ሰው ፀሐይ ስትወጣ ዓይኑን እያሸ መጣ። በዚያ ላይ የመሳፈሪያውን እጥፍ ጠየቀኝ።

«ምነው? ጊዮርጊስ ነው ጨምር ያለህ?» አልሁት።

«ማኪና በስለት አትነሣም ጋሼ፤ በቤንዚን ነው» አለኝ።

ለምን እንደምሄድ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ ጃን ሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም ወሰዱኝ። ሰው ሲነሣ እነሣለሁ፤ ሲጮህ እጮሃለሁ። ማን እንደቀደመ ያወቅሁት ማታ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። የሚሸጠውን የማያውቅ ነጋዴና የሚያየውን የማያውቅ ተመልካች ሁለቱም ከሳሪ ናቸው። ስለዚህ የወገራው ገብስ ሻጬ አያ ቢያድግልኝ «ፈረስ ማየት ከፈለግህ ለጥር ጊዮርጊስ እኛ ዘንድ ና» ሲሉኝ እሺ አልሁ። እዚህ የጻፍሁት ስማቸው ስማቸው አይደለም፤ የፈረሳቸውም መልክ መልኩ አይደለም። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ረፋድ፣ ኮሶዬ

ዳገቱን ሳንጨርስ ማኪናዋ ፈልታ ቆመች። ጣሊያን የሠራው መንገድ ጣሊያን ከሄደ ወዲህ የጎበኘው ክረምት ብቻ ነው፤ ክረምት ደግሞ ድንጋይ ያመጣል እንጂ አይደለድልም። በግራ በኩል ገደሉ ወደ ሳንጃ ቆላ ይወርዳል። ጭጋግ ሞልቶታል። ነፋሱ ጋቢ ይገፋል። አንዲት ሴትዮ የገብስ ቆሎ በቁና ይዛ መጣችና ለቆምነው ሁሉ ሸጠችልን። ማኪናዋ ሁልጊዜ እዚሁ ቦታ እንደምትቆም ከእኛ ቀድማ ታውቃለች። ከሹፌሩ ጋር ሲጠቃቀሱ አይቻለሁ።

ከቀትር በኋላ፣ አምባ ጊዮርጊስ

አያ ቢያድግልኝ ሎጋ ናቸው፤ ጉራቸው ከቁመታቸው ይበልጣል። ከሩቅ ሳለሁ «ነጋድራሴ መጣ!» ብለው ጮኹ። አንድ ጥቅል አቡጀዲ ለሚያዞር ሰው የሰጡት ሹመት ነው።

እህል ሳልቀምስ ትምህርቱ ተጀመረ። አጥሩ ሥር ሁለት ፈረሶች ታስረዋል። አንደኛው የጎረቤት ነው፤ ቀይ ግላስ ለብሶ ግንባሩ ላይ የብር ጌጥ ያብረቀርቃል። ሌላው የሳቸው፣ ራቁቱን የቆመ ቡናማ ዳማ ነው።

«የቱ ይቀድማል?» አሉኝ።

ባለ ብሩን ጠቆምሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባለም ከደጃፉ ሆነው ሳቁ። «ሚስትም ያገባ ቀሚሷን አይቶ ነው!»

«ፈረስ የሚታይ ኮርቻ ወርዶ ነው» አሉ አያ ቢያድግልኝ። ዳማውን እየሳቡ አስኬዱት። «ዱካውን እይ። የኋላ ኮቴው የፊተኛውን ዱካ አልፎ ከረገጠ ሯጭ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ አፍንጫው ክፍት ይሁን። ነገ ሲሰለፉ የሚዘለውንና የሚያሽካካውን ተወው፤ ጉልበቱን እዚያው ጨርሷል። ሜዳ ላይ ማንም ይሮጣል። አንተ ዳገቱን ጠብቅ። ሲያበቃ ደግሞ ላቡን እይ። ላብ አይዋሽም።»

ጎንበስ ብዬ ዱካውን አየሁ። የዳማው የኋላ ኮቴ ከፊተኛው ስንዝር አልፎ ረግጧል። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ሲያልፍ መንገድ ለቅቄያለሁ እንጂ አንድ ቀን እግሩን አላየሁም።

«እንግዲያማ ነገ ይኼ ይቀድማል!» አልሁ።

መልሱን የሰጡኝ ወይዘሮ ውባለም ናቸው። «አይቀድምም። የአገሩ ገዥ ግራዝማች ነጭ አምባላያቸውን ይዘው ይወጣሉ። እሳቸውን የቀደመ ፈረስ በማግሥቱ የሳቸው ነው። አጠገቡ ይቆሙና ‹ሸጋ ነው› ይላሉ። ከዚያ ባለቤቱ ‹ለጌታዬ ይሁን› ካላለ አገሩ አገሩ አይደለም። አምና የወንድሜ ቦራ ፈረስ እንዲህ ሄደ።»

«ታዲያ ለምን ይሮጣሉ?»

«የቀረ አኩራፊ ይባላላ!» አሉ አያ ቢያድግልኝ። «ዳገቱ ላይ ልጓሙን እይዘዋለሁ። ዳማዬን ከማጣ ስሜን ልጣ።»

ደሜ ፈላ። እኔ በገበያ ሚዛን ሲሰረቅ አይቻለሁ፤ ሚዛኑን ሰርቆ ተመዛኙን ደግሞ አጨብጭብ የሚል ግን አላየሁም።

ጥር ፳፫፣ የበዓሉ ሜዳ

ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ሜዳውን ከበበ። ሩጫው ከታች ከጅረቱ ተነሥቶ ዳገቱ ላይ እስካለው ወይራ ነው። እኔም ትናንት የተማርሁትን ዛሬ ለማያውቃቸው ሁሉ አስተምራለሁ፦ «ያን የሚዘለውን ተዉት! ኮቴውን እዩ!» ወዲያው «የጎንደሩ ፈረስ አዋቂ» የሚል ስም ወጣልኝ። ነጋዴ ናሙና ይዞ እንደ ባለ መጋዘን ያወራል፤ ልማድ ነው።

ግራዝማች አምባላይ ላይ ናቸው። ፈረሱ ገና ሳይሮጥ አንገቱ አረፋ ሆኗል። አጃቢዎቻቸው «ጊዮርጊስም የተቀመጠው አምባላይ ላይ ነው!» ይላሉ። ሰማዕቱ ይህን ሰምቶ እንዴት ዝም እንዳለ አላውቅም።

ተለቀቁ። ሜዳው ላይ ዳማው ከሁሉ ፊት ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማየውን አውቄ አየሁ፤ ጀርባው አይነቃነቅም፣ ዳገቱ ሲጀምር ይባስ ብሎ ረዘመ። ሌሎቹ አጠሩ። እጄን አንሥቼ ልጮህ ስል ወይዘሮ ውባለም ክንዴን በጥፍራቸው ያዙኝ።

ያን ጊዜ አያ ቢያድግልኝ ወደ ኋላ ተጋደሙ። የዳማው አፍ በልጓሙ ተከፈተ፣ አንገቱ ተቆለመመ። አምባላዩ እየተንደፋደፈ በጎኑ አለፈና ወይራው ሥር ደረሰ። ሕዝቡ እልል አለ። አጠገቤ ያለ ሽማግሌ ፊቱ እንደ ደመና ጠቁሮ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጨብሁ። መዳፌ እስኪቃጠል፣ በንዴት።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግራዝማች ግን ሞኝ አይደሉም። ወርደው ዳማውን ዞሩት፣ ሽንጡን ዳበሱት።

«ይኼ ፈረስ አላላበውም» አሉ።

አያ ቢያድግልኝ መሬት መሬት ያያሉ። ሁላችንም የምንጠብቀው ያቺን ‹ሸጋ› የምትባል አንዲት ቃል ነው።

«የታለ ያ ፈረስ አዋቂ ነጋዴ? ምን ትላለህ?» አሉ ግራዝማች።

ገፍተው አቀረቡኝ። ዕቃ ማራከስ እንጀራዬ ነው። ዳማውን አንድ ጊዜ ዞርሁት፣ ከንፈሬን መጠጥሁ።

«ጌታዬ፣ ሲያዩት ያምራል። አስኪደው ቢያዩት ግን የኋላ ኮቴው ከፊተኛው ዱካ አይደርስም። ዛሬ ያለችውን ሁሉ አሟጦ ነው የሮጠ፤ ዳገቱ ላይ አፉን የከፈተውም ትንፋሽ አጥሮት ነው። ላብ የታጣውም ውስጡ ስለደረቀ ነው። ላብ የሚደብቅ ፈረስ ክረምት አይሻገርም። ይልቅ የእርስዎ አምባላይ! ይኼ ሁሉ ላብ የልብ ስፋት ነው።»

ግራዝማች አምባላዩን አዩ፣ ዳማውን አዩ። ከዚያ ሳቁ። አጃቢው ተከትሎ ሳቀ፤ አጃቢው ሲስቅ ሜዳው ሳቀ። አንዱ «አያ ቢያድግልኝ፣ ለጅብ አስቀምጠው!» ብሎ ጮኸ። ግራዝማች ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

ቃሏ አልወጣችም። አያ ቢያድግልኝ ግን ፈረሱን እየሳቡ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩኝም።

ጥር ፳፬ ጠዋት፣ የመመለሻ መንገድ

ማኪናዋ ከደባርቅ ስትመለስ የሸኙኝ ወይዘሮ ውባለም ብቻ ናቸው። ገብስ ቆሎ በአቁማዳ ሰጡኝ።

«አያ ቢያድግልኝስ?»

«አኩርፏል። ፈረሱን እንዳተረፍህለት ያውቃል። ግን አገር በሞላበት ዳማውን አሳቅህበት። እሱ ስሙን ልጣ አለ እንጂ የፈረሱን ስም አላለም።»

ማኪናው ላይ ወጥቼ ማንን እንደምረግም ሳማርጥ መንገድ ጀመርን። ፈረስ ማየት ተማርሁ፤ የተማርሁትን መጀመሪያ የሠራሁበት ግን ለውሸት ነው። አንድ ሰው ሸጋ ከብቱን ሸጋ ነው ብሎ ማሳደር በማይችልበት ሜዳ የጊዮርጊስን በዓል እናከብራለን።

ከተማውን ለቀን ገላጣው ሜዳ ላይ ስንደርስ ከገብስ ማሳው ዳር ኮቴ ሰማሁ። ዳማው ነው። አያ ቢያድግልኝ ያለ ኮርቻ ተቀምጠውበታል፤ የልጓሙ ዛብ ላልቷል። ከማኪናዋ ጎን ለጎን መጡ። ሹፌሩ እልህ ይዞት ነዳጅ ረገጠ። ዳገቱ ሲጀምር ማኪናዋ አጓራች፤ ዳማው ረዘመ። ጆሮው ወደ ፊት፣ አፉ ግጥም እንዳለ አለፈን። አቧራውን አጎረሰን። ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ አያ ቢያድግልኝ ፈረሱን አዙረው ቆሙ። አሁን ቀጥ ብለው አዩኝ። እኔም ቆቤን አወለቅሁ።

ሹፌሩ ሲቆጣ ቆይቶ ነገሩ ገባው። «ጋሼ፣ ይኼ ፈረስ የማን ነው? እኔ የግራዝማችን እህል እጭናለሁ፤ ብነግራቸው ጉርሻ አላት።»

«ፈረሱ ምን አለውና!» አልሁት። «ማኪናህ ናት የደከመች። ከደካማ በቅሎ እንኳ ታንሳለች።»

እስከ ጎንደር ድረስ ስለ ሞተሯ በማርያም በገብርኤል ሲምልልኝ፣ ሲሰድበኝ መጣ። ፈረሱን ግን ዳግም አላነሣውም።