በረዶ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል ብዬ ያስተማርኩ ዕለት

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። አብዛኛው ስለ ዕድሜዬና ስለ ደም ግፊቴ ነው። አስቀድሜ ወረቀት ላይ አዘጋጅቼ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ በጠራ ድምፅ የዋሸሁት ግን አንድ ዓርብ ብቻ ነው። እሱንም ልጄ አዝዛኝ ነው።

ልጄ እዚህ ጅቡቲ አስተማሪ ናት። እኔ ድሬዳዋ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ብቻህን አትቀመጥም ብላ አመጣችኝ። የድሬዳዋን ሙቀት ዕድሜ ልኬን ስሰድብ ኖሬ፣ እዚህ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቤት ስውል የልጅ ልጆቼን ደብተር ማረም ጀመርኩ። ደብተሩ በፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም፤ ሆኖም ያልገባኝን ሁሉ በቀይ አሰመርኩበት። ልጄ ሳምንት ሳይሞላ ሥራ ፈልጋ አገኘችልኝ።

ሥራው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደመወዝ የለውም። ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ተሰጠችኝ። ተማሪዎቼ የሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ናቸው፤ ዓርብ ስለሚያርፉ። ዶራሌ ወደብ ጭነት እስኪወጣለት የሚጠብቅ አንድ ከባድ መኪና ሾፌርም አለ። የማስተምረው ሳይንስ ነው፤ በእንግሊዝኛ። የማኅበረሰባችን የማታ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለመግባትም ፈታኙ ፊት ቀርቦ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና መመለስ ያስፈልጋል።

ከሴቶቹ አንዷ ሠላሳን ያለፈች፣ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ የመጣች ናት። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሠርታለች። ጽሕፈቷ የታተመ ይመስላል። አፏ ግን አይከፈትም። ያለፈው ዓመት ፈታኙ ፊት ቀርባ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛውን ስታይ ቆይታ ተመልሳለች። ዘንድሮም ከመለሱኝ ደብተሬን ለሰው ሰጥቼ እተወዋለሁ ብላ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰምቻለሁ። እንደ ዛቻ ሳይሆን፣ ስለ ነገ ገበያ እንደምታወራ ሆና ነው የተናገረችው። ስለዚህ አመንኳት።

አንድ ዓርብ ልጄ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች፤ ስልኳን አውጥታ ሰዓት ያዘች። ከክፍለ ጊዜው በኋላ ተማሪዎቼ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ደቂቃ እንደተናገሩ ነገረችኝ። ከአራቱ ሦስት ተኩሉ፣ ሾፌሩ ስልክ አንስቶ ውጭ ይውጣ አይውጣ የተከራከርንበት ነው። የቀረውን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ደክሞኝ እንደነበር ትዝ አለኝ።

«አባዬ፣ ትምህርቱን እኮ አንተ ታውቀዋለህ» አለችኝ። «እነሱ ያውሩ።»

ከዚያም የምታሠራቸውን የክፍል ጨዋታዎች አንድ በአንድ ነገረችኝ። አንዱ ተማሪ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ፣ ሮጦ ለጓደኛው የሚያስጽፍበት አለ። በዚህ ሙቀት ማን እንደሚሮጥ ጠየቅኋት። ሌላው፣ ሁለት ሰዎች ግማሽ ግማሽ ሥዕል ይዘው ሳይተያዩ በእንግሊዝኛ እየተጠያየቁ የሚያሟሉት ነው። ያንን ሞከርኩ። ሴቶቹ ወረቀታቸውን ጎን ለጎን አድርገው በአንድ ጊዜ ጨረሱ። ለምን እንዳልተደባበቁ ብጠይቅ፣ አጠገብ ከተቀመጠ ሰው ወረቀት መደበቅ ነውር ነው አሉኝ። ልክ ናቸው።

የቀረው የውሸት ጨዋታ ነው። አስተማሪው ከእውነቱ መሀል ውሸት ይሰነቅራል። እያንዳንዱ ተማሪ ቀይ ካርድ አለው። ውሸቱን የያዘ ካርዱን ያነሣና በእንግሊዝኛ ያርመዋል። ጨዋታውን ወደድኩት። ካርዶቹን ከሳሙና ካርቶን ራሴ ቆረጥኳቸው።

ዓርብ መጣ። ካርዱን አደልኩ፤ ሕጉን በሁለት ቋንቋ አስረዳሁ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ስጀምር መብራት ሄደ፤ ቬንቲላተሩ ቆመ። እኔ ቀጠልኩ። ብረት ባሕር ዳር አይዝግም አልኩ። በአንድ አፍታ ክፍሉ በቀይ ካርድ ተሞላ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህን ያህል እጅ አይቼ አላውቅም። ቀርቤ ሳይ ሁሉም በካርዱ እያራገቡ ነው። በሌላው እጃቸው ብረት ባሕር ዳር አይዝግም ብለው ይጽፋሉ።

የመስኮቱ ፍርግርግ ዝጎ ግማሹ ወድቋል። ከእሱ ሥር ተቀምጠው ነው የጻፉት።

ድምፅ ከብርሃን ይፈጥናል አልኩ። ጻፉ። በመጨረሻ፣ ይህንንስ አያልፉትም ብዬ፣ በረዶ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል አልኩ። እነዚህ ሴቶች በቀን ስንት ጊዜ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ለማዳማቸው ያቀርባሉ። ጻፉ። ያቺ ዝምተኛዋ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመረችበት። እውነት ስናገር ይህን ያህል ታምኜ አላውቅም።

ሰዓቱ አለቀ፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት ክፍሉን ፈለገው፤ ተበተንን።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ልጄ ጨዋታው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁሉንም አመኑኝ አልኳት። «መጨረሻ ላይ እውነቱን ስትነግራቸውስ ምን አሉ?» አለች። ጉርሻዬን ይዤ ቀረሁ። እርጅና እንዲህ ነው። ውሸቱን አስታውሶ እውነቱን ይረሳል።

የቃል ፈተናው ሰኞ ነበር።

ለሁሉም በቴሌግራም እርማት ላክሁ። ሾፌሩ ወደ ድንበሩ ከሚወስደው ከጋላፊ መንገድ ላይ ሆኖ መለሰ፤ የጻፈውን ገና ስላላነበበው እንዳልጨነቅ ጻፈልኝ። ሰኞ የምትፈተነው ዝምተኛዋ ግን ስልኳን የምትከፍተው ዓርብ ዓርብ ነው። እሑድ ጠዋት ጥቁር ኮቴን ለበስኩ፤ የሰው ቤት በሸሚዝ አይኬድም። በሚኒባስ ባሕሩ ዳር ወዳሉት ቪላዎች ሄድኩ። በሩ ላይ የተቀመጠው ሶማሌ ዘበኛ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ከፈረንሳይኛ የማውቃትን አንዲት ቃል ተጠቀምኩ፤ ፕሮፌሰር አልኩ። ኮቱን አይቶ አዝኖልኝ መሰለኝ፣ ገብቶ ጠራት።

እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ወጣች። እኔን ስታይ ደሟ ከፊቷ ሄደ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የሞተው። እናቴ ናት?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በአገራችን ሽማግሌ በማለዳ፣ ሳይጠራ፣ ጥቁር ለብሶ ደጅ የሚቆመው ለመርዶ ነው። ቶሎ ማረጋጋት ነበረብኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «በረዶ ይንሳፈፋል።»

ዘበኛው እኔን ያያል፤ እሷን ያያል።

«ብረትም ይዝጋል» ጨመርኩ።

«ጋሼ፣ ይህንን ሊነግሩኝ ነው የመጡት?» አለች፤ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እሱንማ አውቀዋለሁ።»

አውቃው ለምን እንደጻፈችው ጠየቅኋት። እርስዎ ስላሉት ነዋ አለችኝ። ገብታ ደብተሯን አመጣችና ከኋላ ገለጠችልኝ። የመጨረሻው ገጽ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ «ጋሼ ያሉት»፣ በቀኝ «መጽሐፉ የሚለው» ይላል። ቁጥር ተሰጥቶታል። እኔ የዋሸሁት ሦስት ነው። ገጹ ላይ ያለው አሥራ አንድ ነበር።

መነጽሬን አወጣሁ። የሌሊት ወፍን ከወፎች መድቤ አገኘሁት። ሸረሪትን ነፍሳት ብያታለሁ። እነዚህን የተናገርኩት ከጨዋታው በፊት ነው፤ በሙሉ ልቤ።

«ካርድ ሰጥቼሽ አልነበር? ለምን አላነሣሽም?»

«ካርድ ቢሰጡኝስ ጋሼ፣ አባት በሰው ፊት ይታረማል?»

«ነገ የሚፈትንሽም እንደኔ ያለ ሽማግሌ ነው። ልዩነቱ ክራባት ማሰሩ ነው። እሱንም አክብረሽ ዝም ልትዪው ነው?»

ሽፋኑ የለቀቀውን ደብተር ታጥፋለች፤ ትዘረጋለች። ማዳሟ በመስኮት ብቅ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። እሷ በፈረንሳይኛ መለሰችላት፤ ያለ ማመንታት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። አፍ እንዳላት ያኔ አየሁ። ማዳሟ አስተማሪዋ መሆኔን ስትሰማ፣ በኋላ እንደተረጎመችልኝ፣ የሚታጠበው ዕቃ ይጠብቅ ብላ መስኮቱን ዘጋች።

«በይ ከአንድ ጀምሪ» አልኳት። «በእንግሊዝኛ። እኔ እከራከርሻለሁ።»

የመጀመሪያውን ለጫማዋ ነገረችው። ሁለተኛውን ለደብተሩ። እኔ በየመሀሉ አልቀበልም እላለሁ፤ እሷ ምክንያት ትጨምራለች። ሸረሪት ላይ ስንደርስ ስምንቱን እግሮች በጣቶቿ ቆጥራ አሳየችኝ። ዘበኛው ወንበሩን አስጠጋ። እንግሊዝኛም አማርኛም አያውቅም፤ ግን በየዙሩ መጨረሻ ፊታችንን አይቶ በጣቱ ወደ አሸናፊው ይጠቁማል። አንድም ጊዜ ወደ እኔ አልጠቆመም።

ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ። ወደ ልብ በሚመለሱት ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ሰማያዊ ነው ብያለሁ፤ እሷ ቀይ ነው ብላ ጽፋለች። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነው። መጽሐፉም ሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶታል። ሥዕሉን እንድታምን ነገርኳት፤ ክንዴንም ዘርግቼ ሥሬን አሳየኋት።

«ኖ፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ከበሩ አልፎ ተሰማ። ሥዕሉ ለመለየት ብቻ ነው አለች። ቢላ ሲቆርጠኝ የሚወጣው ቀይ ነው አለች።

አየር ሲያገኘው ነው የሚቀላው አልኳት። ይህ የመጨረሻ ምሽጌ ነው፤ ስንት ተማሪ በእሱ ዝም አሰኝቻለሁ።

ተነሥታ ቆመች። ለሥራ ፈቃድ ምርመራ ደም ስትሰጥ መርፌው ከሥሯ ወደተዘጋ ብልቃጥ እንደቀዳው፣ ብልቃጡ ውስጥ አየር ቢኖር ኖሮ እንደማይስብ፣ ደሙም እዚያው ውስጥ ሲገባ ጠቆር ያለ ቀይ እንደነበረ ነገረችኝ። የጎደላትን ቃል በእጇ ሞላችው። ክንዴን ይዛ መርፌው የገባበትን ቦታ እኔው ላይ አሳየችኝ። ከቆመችበት አልተቀመጠችም። ዘበኛው ጣቱን ወደ እሷ አነሣ።

ድሬዳዋ ውስጥ ስንት ሰው ሰማያዊ ደም ይዞ እንደሚሄድ አሰብኩ። አንዳንዶቹ ሐኪም ሆነዋል። የምጽናናው አላመኑኝ ይሆናል ብዬ ነው።

አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን ሳልከራከር ተቀበልኩ። እሷ ግን ተከራከሩኝ እንጂ ብላ ተቆጣች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ልቀመጥ ብዬ ስጠይቅ፣ እሷ ራሷ እምቢ አለች፤ መልሱን ልነግራት ከንፈሬን እንደማንቀሳቅስ ታውቃለች። ውጭ ጥላ ሥር ቆምኩ። ከእሷ በፊት የገቡት ቶሎ ቶሎ ወጡ። እሷ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ምንም አይሰማም። ያለፈው ዓመት ሩብ ሰዓት ትዝ አለኝ። የዘንድሮው ሩብ ሰዓትም አለፈ፤ ዝምታው እንዳለ ነው። ቤት ሄጄ ለልጄ ምን እንደምል ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከዚያ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የወንድ፤ ቀጥሎ የሴት፤ የሴት፤ የሴት።

ስትወጣ ላብ አጥምቋታል። መጀመሪያ ቧንቧው ጋ ሄዳ ውኃ ጠጣች። ዘለለች ወይም እልል አለች ብል ውሸት ይሆንብኛል።

«መዘገቡኝ» አለች። «ቅዳሜ ማታ እጀምራለሁ።»

እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ዝም ብላ ነበር። ሦስተኛው ላይም ዝም ስትል፣ ፈታኙ አላስቻለውም፤ አዝኖላት መልሱን ራሱ መናገር ጀመረ።

«ልክ እንደ እርስዎ» አለችኝ። «ገና ሳላስብ ሊጨርሰው ሆነ። ይቅርታ ጌታዬ፣ ፈተናው የኔ ነው አልኩት።»

«በእንግሊዝኛ?»

«ታዲያ በምን?»

ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳ ሁለቱን ያለፏትንም ጥያቄዎች ካልመለስኩ ብላለች። ሰውዬው ቀጥሎ የሚፈተን ሰው እንዳለ ነግሯታል፤ አልሰማችውም።

ወደ ሚኒባሱ ስንሄድ ፈተናውን ከመጀመሪያው ጀምራ በእንግሊዝኛ ተረከችልኝ። የፈታኙንም ድርሻ፣ የራሷንም ድርሻ እሷው ተናገረችው። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ላስተካክላት አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ገና አልጨረስኩም።»