መርፌው የእውነት ከሆነ

እኔ መርፌ አልፈራም። ይህን ከሁሉ በፊት የምናገረው በዚያ ዓመት የሆነውን ያየ ጎረቤት «መርፌ ፈርቶ ነው» እያለ ስላስወራብኝ ነው። የቸገረኝ ሌላ ነበር። ክረምቱ ሲገባ መሬቴን ራሴ ልረስ ወይስ ለሌላ ሰው በእኩል ልስጥ፣ ይህን መወሰን ነበረብኝ። ለመወሰን የሚያስፈልገኝን አንዲት ነገር የሚያውቅ አንድ ሐኪም ነበር፤ እሱም አልነግርህም አለኝ።

ነገሩ የጀመረው ቁሐር ሚካኤል ባለው ማሳዬ ላይ ነው። የሩዝ መሬታችን ክረምቱ ሲበረታ ውኃ ይተኛበታል፤ ስለዚህ ጭቃው ሳይብስ መታረስ አለበት። በሰኔ አንድ ጠዋት በሬዎቼን ጠምጄ ጥቂት ትልም እንደሄድሁ ልቤ ትር ትር ማለት ጀመረ። በሬዎቹን አቁሜ ትንሽ ጠበቅሁት። አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ቀጥ ይላል፣ አንዴ ደግሞ የረሳውን እንዳስታወሰ ሰው በድንገት ድው ይላል። ከዚያ እርፉን እንደያዝሁ ጭቃው ላይ በፊቴ ተደፋሁ። ያገኘችኝ ምሳ ይዛ የመጣችው ሚስቴ ናት። አፌ ውስጥ የገባውን ጭቃ በጣቷ እየጠረገች አወጣችው።

ወረታ ወስደውኝ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አዩና የልብ ምት መዛባት ነው አሉ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒንና ምቱን የሚያበርድ ሌላ ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑ ከመውደቅ አዳነኝ፤ ትር ትሩ ግን አልተወኝም። ባልዲ ውኃ አንስቼ ከበር እስከ ጓሮ ስሄድ መሀል ላይ መቆም ነበረብኝ። ያንን ክረምት ጎረቤቶቼ በደቦ ወጥተው አረሱልኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ግን ለከርሞም ኑ ማለት አይቻልም። ሁሉም የራሱ ጭቃ አለበት።

በበጋው ባሕር ዳር የሚከታተለኝ ሐኪም ስለ አኩፓንክቸር ነገረኝ። ቻይና ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም ቀጫጭን መርፌ አንጓና ክርን ላይ እየተከለ፣ ይህ የልብን ምት ያስተካክል እንደሆነ ሊያጠና ነው አለኝ። ሄድሁ። ወጣቱ ሐኪም ምንም አልደበቀኝም፤ ይህን አልክድም። ከመካከላችሁ ግማሹ እውነተኛው መርፌ ይተከልለታል፤ ለግማሹ ግን ጫፉ ደነዝ የሆነ፣ ቆዳ ሲነካ ወደ እጀታው የሚሸሽ የይስሙላ መርፌ ነው አለኝ። ለማን የትኛው እንደደረሰ ጥናቱ እስኪያልቅ ለማንም አይነገርም። ክኒኑም አይቋረጥም። «ይስማማሉ?» ሲለኝ «እስማማለሁ» አልሁ። ጊዜው እርሻ የሌለበት በጋ ነበራ። በበጋ የተጠየቅሁትን ሁሉ እስማማለሁ።

ከወረታ መናኸሪያ ወደ ባሕር ዳር አብረውኝ የሚሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። እሳቸውም እንደኔው ልባቸው ተዛብቶ ጥናቱ ውስጥ ገብተዋል። ሸማኔ እጁና እግሩ እኩል መሄድ አለበት፤ የእሳቸው ልብ ሲዘል ደግሞ እግራቸው መርገጫውን ይስታል፣ ጥለቱ ይበላሻል። ሚኒባሱ ሐሙሲት እስኪደርስ ወሬያችን መርፌ ብቻ ነበር።

«የኔስ ይጠዘጥዘኛል» ይላሉ።

«የኔ ቆንጠጥ ብቻ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ያንተ የውሸቱ ነው።»

«ክርንዎ እኮ ዕድሜ ልኩን ሲጠዘጥዝዎት ነው የኖረው። በምን አወቁት?»

ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ስንተኛ ፊታችን ላይ ጨርቅ ይጋርዱብናል፤ የምናየው የለም። መርፌው ከተነሳ በኋላ አንጓዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ደም እፈልጋለሁ። አንዳንድ ቀን ቀይ ነጥብ አያለሁ፤ ቁንጫ ትሁን መርፌ ግን እንዴት ይለያል?

ከመርፌው በኋላ አንዲት ሲስተር ትጠይቀናለች። ማን የትኛው እንደደረሰው እሷም አታውቅም። አንድ ቀን ወረፋዬን ስጠብቅ ሸማኔውን ስትጠይቅ ሰማሁ።

«በዚህ ሳምንት ልብዎ እንዴት ነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ተሽሎዎታል ማለት ነው?»

«ይመስገን ልጄ።»

«ትር ትር ብሎብዎት ያውቃል?»

«አዎን ይላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ልጅቱ ምን እንደምትጽፍ ጠፍቷት እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። አላስቻለኝም። ከወንበሬ ሆኜ «ሲስተር፣ እኒህ ሰው ትናንት ከሽመና እቃቸው ላይ ተደግፈው እንደወረዱ ራሳቸው ነግረውኛል፤ አልተሻላቸውም» አልኋት። እሷ ደግሞ በሰው መልስ አትግባ ብላ ተቆጣችኝ። ስንመለስ ሸማኔውም ተቀየሙኝ። «ልጁ ለፍቶ መርፌ ተክሎልኝ አልተሻለኝም ልበለው? ነውር አይደለም?» አሉ። ውስጤ በገነ። የኛን አገር ሰው እንዴት ነህ ብሎ ጠይቆ በሽታውን ሊሰማ የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ጥናት ነው የሚያጠናው? እኛ እኮ እያጣጣርንም ይመስገን ነው የምንለው።

እኔ ግን የምር ተሻለኝ። ከይሉኝታ አይደለም፤ ይሉኝታ እንኳ ብዙም የለኝም። መጋቢት ላይ ወፍጮ ቤት ያስፈጨሁትን እህል ራሴ ተሸክሜ ገባሁ፤ ሚስቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና ተቀበለችኝ። ሌሊት ልቤ አይቀሰቅሰኝም። ደረቴ ላይ አስሬው ውዬ የማድር ምት የሚመዘግብ መሣሪያ ሰጥተውኝ ነበር፤ ሲያነቡት ምቱ ተስተካክሏል አሉ። ደስ አለኝ። በሬዎቼን ወጥቼ አየኋቸው፣ ቀንበሩን ጠገንሁ፣ አዲስ ጅራፍ ገመድሁ።

በሚያዝያ የመርፌው ጊዜ አለቀና «ውጤቱ ሲደርስ እንደውልልዎታለን» ብለው ሸኙኝ። ነገሩ የተበላሸው ከዚህ ወዲያ ነው። ቤት ገብቼ ዘንድሮ ራሴ ነው የማርሰው ስል ሚስቴ የምታበጥረውን ሩዝ አስቀመጠች።

«የተሻለህ በእውነቱ መርፌ ከሆነ አሁን ቀርቷል። መርፌው ሲቀር በሽታው ይመጣል። ተጭቃ ውስጥ ሁለተኛ አላነሳህም።»

«የውሸቱ ከሆነስ?» አልኋት።

«የውሸቱ ከሆነማ ምን ተደረገልህ? ምንም። ጉልበቱ የራስህ ነው። ጥመድ።»

ሌሊቱን ሳገላብጠው አደርሁ። ስህተት ልፈልግበት ብዬ ነበር፤ አጣሁለት። ሰው ሁሉ የእውነቱን መርፌ ሲመኝ እኔ የውሸቱ እንዲሆን እመኝ ጀመር።

ጊዜም አልነበረም። የሚስቴ ወንድም መሬቱን በእኩል ሊያርሰው ይፈልጋል። ጠንካራ በሬዎች አሉት፤ ሰውየውም ክፉ አይደለም። ግን እኩል ማለት የምርቱ ግማሽ ነው፤ በግማሽ ሩዝ ቤታችን ከፋሲካ አያልፍም። በኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በግንቦት፣ ማረሻ መሬት ሳይነካ በሽማግሌ ፊት ያልቃል። አንዴ ሰጥቻለሁ ካሉና ሰውየው ካረሰ በኋላ ተሽሎኛልና መልስልኝ ማለት የለም። የሚለውም ሰው ከዚያ በኋላ ሰላምታ አያገኝም። ወይ በግንቦት እወስናለሁ፣ ወይ መሬቱ ሳይታረስ ውኃው ይቀድመኛል።

ባሕር ዳር ሄድሁ። ወጣቱን ሐኪም ሲገባ በር ላይ ያዝሁት።

«ዶክተር፣ ለኔ ብቻ ይንገሩኝ። የእውነቱ ነው የውሸቱ?»

«አልችልም አባቴ። ሌሎቹ ገና አልጨረሱም። ለእርስዎ ከተናገርሁ ጥናቱ ይበላሻል።»

«የኔ እርሻስ? እሱ ቢበላሽ ግድ የለም?»

ስለ እርሻው ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ስለ እኩል፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ። ከተማ ያደገ ልጅ ነው፤ በትሕትና ሰማኝ፤ ስጨርስ «ትንሽ ቢያራዝሙት አይቻልም?» አለኝ። ክረምቱን ነው አራዝመው የሚለኝ። «እሺ፣ ልረስ ወይስ አልረስ? ይህን ይንገሩኝ» አልሁት። ከባድ ሥራ ለጊዜው ባይሠሩ ይሻላል አለ። ለሁሉም በሽተኛ የሚባለው እሱ ነው፤ ለሱ ባሕር ዳር ድረስ መምጣት አያስፈልገኝም ነበር። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጠላቴ መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዘንቢሏን እግሬ ላይ ብታስቀምጥ ተቆጣኋት፤ አንሺልኝ አልኋት፣ ደንግጣ አነሳች።

በግንቦት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ መሬቱን ለሚስቴ ወንድም በእኩል ሰጠሁ። ሚስቴ እፎይ አለች። አልፈርድባትም፤ ከጭቃ ያነሳችኝ እሷ ናት። ክረምቱን ሙሉ በሬዎቼ ደጅ ታስረው ሲያመነዥኩ ዋሉ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ። ጎረቤት ሲያልፍ «እንዴት ነህ?» ይለኛል። ልቤስ ደህና ነበር። በሰኔም ደህና፣ በሐምሌም ደህና። ይመለሳል የተባለውን በሽታ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁት። ቀረ።

በፍልሰታ ጾም መሀል ሐኪሙ ደወለ። ጥናቱ አልቆ የእያንዳንዱ ሰው መርፌ ታውቋል።

«የእርስዎ የይስሙላው ነበር» አለኝ።

«ታዲያ በምን ተሻለኝ?»

አንዳንዴ ምቱ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል፣ ክኒኑም ይሠራል፣ ከከባድ ሥራ አርፈው ከርመዋል፣ እንክብካቤ ማግኘትም ይረዳል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዘረዘረልኝ። በመጨረሻም፣ ለእርስዎ ዓይነቶቹ አሁን እውነተኛውን መርፌ በነጻ እንተክላለን፣ ከፈለጉ ይምጡ አለ። ለምኑ ነው የምመጣው? ስልኩን ዘጋሁት። ሸማኔውን ጠይቄ እንደሰማሁት የእውነቱ የደረሳቸው እሳቸው ናቸው፤ እግራቸው ግን አሁንም መርገጫውን ይስታል።

ለሚስቴ ስነግራት «እኔ ምን ላውቅ?» አለች። እውነቷን ነው። ማንም ምንም አላጠፋም። ያ ነው የሚያንገበግበኝ፤ የምጣላው ሰው እንኳ የለም።

በማግስቱ የሚስቴ ወንድም መጣ። ወሬው ደርሶታል።

«አያ፣ አረሙ በዝቶ ሰው አንሶኛል። ደህና ከሆንህ ብቅ በልልኝ።»

ደህና አይደለሁም እንዳልል ደህና ነኝ። ሱሪዬን ሰብስቤ ውኃው ውስጥ ገባሁና ቀኑን ሙሉ በገዛ መሬቴ ላይ ለሰው አረም ነቀልሁ። ጎንበስ ስል፣ ቀና ስል፣ የነቀልሁትን ታቅፌ ወደ ዳር ስወጣ ልቤን አዳመጥሁት። እስቲ አንዴ ሳት፣ አንዴ ትር በልና መሬቱን መስጠቴ ልክ ነበር አሰኘኝ ብዬ ለመንሁት። እንቢ አለኝ። ጀንበር እስክትጠልቅ አንዴ እንኳ አልሳተም።

ቤት ስገባ ሚስቴ እግሬን እንድታጠብ ውኃ አቀረበችልኝ።

«ደከመህ?» አለች።

«አልደከመኝም» አልኋት። ከዚያ ወዲያ እስክንተኛ ድረስ አላናገርኋትም።