ሞተር አጥፍቶ መውረድ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቴሌቪዥኑ በማደግ ላይ ስላለች አንዲት ትልቅ አገር ያወራል። የዓለም ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ነዳጅ ሲወደድ፣ ሕዝቧ ቶሎ ቁጠባ ለመደ አለ ባለሙያው። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እኛም ለምደን ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። የዓለም ነዳጅ ተወደደ ተባለና ናፍጣ በኩፖን ሆነ። መርሳ ላይ ብርቱካኑ የሚጭነው አጥቶ ከዛፉ ሥር ይበሰብስ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። እኛ ሰፈር ውርጌሳ ደግሞ ወፍጮው ቆመ። የእናቴ ቀኝ እጅ ተሰብሮ በቅጡ አልገጠመም፤ በድንጋይ መፍጨት አትችልም። ንፍሮ ብቻ የምንበላበት ጊዜ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሹፌሮቹ ያኔ አንድ ዘዴ ለመዱ፤ ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ያለውን ቁልቁለት ሞተር አጥፍተው ይወርዱታል። እንድሪስ በዚህ ያተረፋትን ናፍጣ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለጋሽ ይመር ይሰጣል፤ በሷ የሰፈሩ እህል ይፈጫል። የፍሬኑ አየር የሚሞላው ግን ሞተሩ ሲሠራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ደጋግመው ከረገጡት ያልቃል። ያውቁ ነበር። ፍሬኑንም... እንዴት ልበለው፣ እንደ ናፍጣው ይቆጥቡት ነበር።

አንድ ጊዜ አብሬው ወርጃለሁ። የሚሰማው የነፋስና የጎማ ድምፅ ብቻ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ፍሬኑ ባይዝስ?»

«ባይዝ ቶሎ እንገባለን» ብሎ ሳቀብኝ። «ተማሪ ሆነህ ትፈራለህ እንዴ?»

ክረምት ሊገባ ሲል ወፍጮው እንደገና ቆመ። እንድሪስ ወደ ደሴ ሲያልፍ ጋሽ ይመር መንገድ ላይ አስቆሙት።

«ሴቱ ሊደበድበኝ ነው። ባዶህን እንዳትመጣ።»

«ኢንሻአላህ። ካልሆነም ዱላውን አብረን እንካፈላለን» አላቸው።

በማግስቱ ሲመለስ ፍሬኑ አልያዘም። ከውርጌሳ በላይ ካለው ገደል ገባ። ሮጬ ስደርስ ሰው ጀሪካን ይዞ ቀድሞኛል። ጋሽ ይመር ተንበርክከው ከመኪናው በቱቦ ናፍጣ ይስባሉ። የወንድሜ እጅ በመስኮቱ ይታያል።

«ጋሽ ይመር፣ ወንድሜ እኮ ውስጥ ነው» አልኳቸው።

አፋቸውን ጠረጉ። «እሱን አላህ ወስዶታል። ይሄን ግን መሬት እየጠጣው ነው።»

ጀሪካኑ እስኪሞላ ቀና አላሉም። ሬሳውን ያወጣነው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚያኑ ቀን ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ ወፍጮው ይጮኻል። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። እናቴ ብዙ አዳመጠች። ከዚያ ጎረቤታችንን ጠርታ፣ «ለሰደቃው የሚሆነውን ማሽላ ይዘሽ ሂጂ፣ ናፍጣው ሳያልቅ» አለቻት።

የሰደቃው ዕለት እንጀራውን መጀመሪያ የቆረሰችው እሷ ናት። እኔ አልበላሁም።

ዛሬ እናቴም ጋሽ ይመርም የሉም። እናቴ ያደረገችው ቆይቶ ገብቶኛል። ጋሽ ይመር ያን ቀን መኪናው አጠገብ ያሉት ግን፣ ልክ መሆኑ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።