የመተማው ታንጎ

ከሳሎኔ በር ኋላ የቆመው መቋሚያ ታችኛው ጫፉ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀይ ፕላስተር ጠምጥሜዋለሁ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል፤ እኔም «የአባቴ ነው» ብዬ ወሬ አስቀይራለሁ። አንቺ ግን ትናንት ጎንበስ ብለሽ በጣትሽ ዳሰስሽውና «ፕላስተሩ አዲስ ነው፤ ምን መታሽበት?» አልሽኝ። ሳቅሁብሽ። ዛሬ ልመልስልሽ። እንጨቱን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው አሁንም ሰሊጥ ሰሊጥ ይለኛል። የአፍንጫዬ ጉድ ነው እንጂ የወይራ እንጨት ምን ሰሊጥ ያሸታል!

አባታችን በደጋው የጎንደር አገር፣ በአንዲት ትንሽ ደብር፣ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ማኅሌት ቆሞ ከዜማው ጋር መዝመምን፣ መቋሚያን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዘንበል ማለትን፣ እግርን በልኩ ማንሳትን ያስተምራሉ። ተማሪው ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኛም ልጆቻቸው የኔታ እያልን አደግን። አባዬ የሚባል ቃል በቤታችን አልነበረም። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም፣ አይሳደቡም፤ መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ ብቻ መሬት ላይ ጧ ያደርጉታል። ያ ተማሪ ባለበት ቀጥ ይላል፤ እግሩን ይገጥማል፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሕጉ ይኸው ነው። ወንድሜ በዚያች ጧ አድጓል። እኔ ሴት ስለሆንኩ ከጉባኤው አልቀመጥም፤ ከግድግዳው ማዶ ምስር ስለቅም ግን ጆሮዬን የሚከለክለኝ የለም። የወንድሜ ግራ እግር ትንሽ ይዘገይ ነበር። ይኼን እኔ እንኳ ሳላየው አውቀው ነበር።

ወንድሜ ሃያ ዓመት ሲሞላው «ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ» ብሎ ወደ መተማ ወረደ። አጨዳው አለቀ፤ ሌላ አጨዳ መጣ፤ እሱ አልመጣም። «መጋዘን ጠባቂ ሆኛለሁ፤ ደህና ነኝ» እያለ በሰው ይልካል። እውነቱን ለእኔ ብቻ በስልክ ነግሮኛል። ሆቴል ውስጥ፣ እራት በሚበሉ ሰዎች ፊት፣ ይጨፍራል። «ለየኔታ ነግረሽ እንደሆነ ዳግም ዓይኔን አታይውም» አለኝ። በእኛ አገር የመምህር ልጅ ጨፋሪ ሆነ ከሚባል ሞተ ቢባል ይቀላል። የኔታም አንድ ቀን የሌላ ሰው ልጅ ሲታማ ሰምተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «የእኔ ልጅ ከጭፈራ ቤት ከተገኘ ልጄ አይደለም፤ ተናግሬያለሁ» ብለው ነበር። የኔታ ደግሞ ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። እኔ ያን ዕለት የያዝኩትን ጣሳ ጣልኩ።

በሦስተኛው ዓመት የኔታን ጉልበታቸውን ያማቸው ጀመር። የማስተማሪያ ወንበራቸውን ለልጃቸው ሊያስረክቡ ቆረጡ። «ራሴ ወርጄ አመጣዋለሁ» አሉ። እኔም አብሬ ካልሄድኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ለጉልበታቸው ያዘንኩ መስሏቸው መረቁኝ። እኔ ግን የተነሳሁት ቀደም ብዬ ወንድሜን ከዚያ ሆቴል ላወጣው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ደወልኩለት፤ ስልኩ አይሠራም።

አውቶቡሱ ሸሕዲ ከተማን ካለፈ በኋላ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ፊት ይለበልባል። በግራም በቀኝም ታስሮ የቆመ ሰሊጥ ነው፤ ሽታው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። የኔታ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ እንደ ሙሽራ አባት ደስ ብሏቸው ሜዳውን ያያሉ። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ወጣት መቋሚያውን ይዞ «አባ፣ ይኼ ዱላ ነው?» አላቸው።

«መቋሚያ ነው ልጄ። ሰው አይመታበትም» አሉት።

ያቺ ቃል ልቤ ውስጥ ቀረች። ያን ዕለት ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኳት አልነግርሽም።

መተማ የደረስነው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጨርቅና ከርከዴ የሚሸጥ አንድ ሙስሊም ነጋዴ የኔታን አይቶ ብድግ አለ፤ ጥላ ሥር አስቀመጠን፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀዳልን። እኔ «የኔታ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ ጠይቄ ልምጣ» ስል እሳቸው ቀድመው ለነጋዴው የልጃቸውን መልክ መግለጽ ጀምረዋል። የነጋዴው ፊት በራ።

«ያ ረጅሙ? ወላሂ፣ እሱንማ መተማ ላይ የማያውቀው ማን አለ!»

ከየኔታ ጀርባ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ሰውዬው አየኝ። አፉን ዘጋ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ወደ ጨርቆቹ ዞሮ ያልተበላሸ ነገር አስተካከለ።

«እ… ሥራ ላይ ነው አባ። ፀሐይ ጠለቅ ስትል እዚያ ማዶ ካለው ሆቴል አይጠፋም። እራትዎን እዚያ ይብሉ፤ ያገኙታል» አላቸው።

የረዳኝ መስሎት ገደል ከተተኝ። ብቻዬን ልሂድ ብዬ ብለምን፣ ብለማመጥ፣ የኔታ «ሴት ልጅ በማታውቀው አገር ብቻዋን አትዞርም» አሉና ነገሩን ዘጉት። ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል እስክታዘቀዝቅ እዚያው ተቀመጥን። ፀሐይ አትጥለቂ ብዬ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሆቴሉ በር በላይ በቀይ ቀለም «እራት ከታንጎ ጋር» የሚል ተጽፏል። የኔታ ቆመው አነበቡት።

«ታንጎ ምንድን ነው?»

«ምግብ መሰለኝ የኔታ። የፈረንጅ።»

ረቡዕ ነበር። ግቢው ውስጥ ጀነሬተር ይንደቀደቃል፤ በዛፎቹ ላይ ቀይና አረንጓዴ አምፖል ተንጠልጥሏል፤ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳን፣ የመጡ ሰዎች ጠረጴዛውን ሞልተውታል። የቀረው ባዶ ቦታ ከሲሚንቶው መድረክ ሥር ነበር፤ እዚያ አስቀመጡን። አስተናጋጇ ፉል ይዛ ስትመጣ የኔታ በትሕትና «ልጄ፣ ይኼ ታንጎ የፆም ነው?» ብለው ጠየቋት።

ልጅቷ የሚቀልዱ መሰላት፤ ሳቀች። «የፆምም የፍስክም ነው አባ። አሁን ይጀምራል!»

«የሚጀምር ምግብ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ከፊቴ ያለውን ፉል አየሁ። የሰሊጥ ዘይቱ ዳርዳሩን ከቦት ነበር፤ ዛሬም ፉል በሰሊጥ ዘይት አልወድም።

ኦርጋኑ ተነሳ፤ ከበሮው ተከተለ። ከአንዱ ወገን ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ወጣች። ከሌላው ወገን እጅጌው ያጠረው ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ቀጭን ዘንግ ይዞ፣ ወንድሜ ወጣ። ከስቷል። ዓይኑን ከሴቲቱ ላይ አያነሳም፤ እኛን አላየንም። እኔ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አልኩና የየኔታን ፊት በዓይኔ ጫፍ አየሁ። ጉርሻቸው በአየር ላይ ቀርቷል።

ከዚያ ወንድሜ መጨፈር ጀመረ። ወደ ቀኝ ዘንበል፤ ቆም። ዘንጉን ከፍ፤ ወደ ግራ ዘንበል፤ ቆም። ሴቲቱ እጇን ትከሻው ላይ ጥላ እሱ ባለበት ትዞራለች። ዝማሜ ነበር። የግድግዳችን ማዶ ዝማሜ፣ በኦርጋንና በቀይ አምፖል። በኋላ ወንድሜ እንዳጫወተኝ፣ የሆቴሉ ባለቤት በቴሌቪዥን ታንጎ የሚባል የፈረንጅ ጭፈራ አይቶ «ለእንግዶቼ ይኼን አምጡልኝ» ብሎ አዘዛቸው። «እኛ ያየነው ሁለት ደቂቃ ነው። ቀሪውን ከየት ላምጣ? ያለኝን አመጣሁ» አለኝ።

የኔታ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱ። እጃቸውን በውኃ አጠቡ፤ በጥንቃቄ፣ ጣት በጣት። ከዚያ አውራ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ምት ስትቆጥር አየኋት። እሳቸው ያወቁም አይመስለኝ። ምናልባት ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። ይኼን ባሰብኩባት ቅጽበት የወንድሜ ግራ እግር ዘገየ። እሳቸውም ሰሙ፤ እኔም ሰማሁ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ።

«የኔታ፣ በእመቤቴ!» ብዬ ነጠላቸውን ያዝኩ። ነጠላው እጄ ላይ ቀረ፤ እሳቸው ወደ መድረኩ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ጀላቢያ የለበሰ አንድ ወፍራም እንግዳ ሽማግሌው ሊጨፍሩ የተነሱ መስሎት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ጣቱን እያጮኸ «አይዋ! አይዋ!» ይላል። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶናል። መቋሚያው ከየኔታ ራስ በላይ ከፍ አለ። ሰው አይመታበትም፣ ሰው አይመታበትም እላለሁ በልቤ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጧ!

ሲሚንቶ እንደ ቤታችን መሬት አይደለም። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። ዓይኔን ስገልጥ ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አልዞረም። መዞር አላስፈለገውም፤ ያቺን ድምፅ ሞቶም ቢሆን ይሰማታል። ከበሮው ትንሽ ቀጠለና አቆመ፤ ኦርጋኑም አቆመ። ጀነሬተሩ ብቻ ቀረ። ቀይ ለባሿ አንድ ነገር ሹክ አለችው። ከመድረኩ ኋላ ያለው በር ክፍት ነበር። ይሮጣል፣ አሁን ይሮጣል፣ ከሮጠም በቃ፣ ወንድም የለኝም አልኩ። የኮቱ ጀርባ በላብ ርሶ ከገላው ተጣብቋል።

ወንድሜ እግሩን ገጠመ።

ከመጀመሪያው ጀመረ። ያለ ሙዚቃ። ወደ ቀኝ ዘንበል፤ ቆም። ሴቲቱ ምንም ሳይገባት እጇን ትከሻው ላይ መለሰች። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት ቀስ ብሎ፣ እየፈራ፣ ገባ። ያቺ የግራ እግር የምትነሳበት ቦታ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። በልኳ ተነሳች፤ በልኳ አረፈች። የኔታ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ሲያበቃ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ፤ ሁሉም የትርኢቱ ክፍል መስሎታል። የኔታ መጥተው ተቀመጡ።

ወንድሜ መጣና ከጠረጴዛችን ፊት እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«የኔታ፣ ይማሩኝ።»

የኔታ የመቋሚያቸውን ስንጥቅ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ከበሮ መቺው ይቸኩላል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ልጄ ከጭፈራ ቤት ከተገኘ ልጄ አይደለም ብያለሁ። ቃሌን አላጥፍም» አሉ።

እንባዬ መጣ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

«ተማሪዬ ግን ነህ» አሉት። «ስለ ተማሪ የተናገርኩት የለም። ሲመችህ መጥተህ ትምህርትህን ቀጥል።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም አዝኜም አላውቅም። በማግስቱ እኔና እሳቸው ብቻችንን ተመለስን። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ይመጣ ነበር። የሚያድረው ግን ከቤታችን አይደለም፤ ከተማሪዎቹ ጋር ጎጆ ውስጥ ነው። እናታችን እራቱን ነጠላዋ ሥር ሸፍና ትወስድለታለች፤ የኔታ ያዩና እንዳላዩ ይሆናሉ። ወንበሩን ሌላ ሰው ወረሰው። የኔታ ሊያርፉ ሲሉ አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ፤ «ተማሪው መጣ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ልጄ አላሉም። ወንድሜ አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ።

ዛሬ ማዶው፣ ሱዳን፣ ጦርነት ሆኖ ያ ሆቴል ተዘግቷል ይላሉ። ወንድሜ ጎንደር ባጃጅ ይነዳል፤ ሆዱም ወጣ ወጣ ብሏል። እሁድ እሁድ ምሳ ይበላና ከዚያች በር ኋላ መቋሚያውን አንስቶ ሳሎኔ መካከል ይቆማል። ወደ ቀኝ ዘንበል፤ ቆም። አሁን ከድሮው ይልቅ የበሰለ ነው፤ እኔ ከግድግዳ ማዶ የተማርኩት ሴትዮ ስህተት አላገኝበትም። አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ግራ እግሩን ያዘገያል። ሆን ብሎ ነው፤ አውቄበታለሁ። አዘግይቶ ትንሽ ይጠብቃል። ምንም አይሰማም። መቋሚያውን ቦታው ይመልስና ወደ ባጃጁ ይወጣል።

ባለፈው እሁድ አልቻልኩም። እግሩ ስትዘገይ ከእጁ ነጠቅኩትና ወለሉን አንድ ጊዜ መታሁ። ስንጥቁ ተከፈተ፤ የድሮው ፕላስተር ተበጠሰ። ወንድሜ ቀጥ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ነበርና አላየሁትም፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ።

«እሺ አባዬ» አለ።

እግሩን ገጠመና ከመጀመሪያው ጀመረ።