ውኃው ቀዩን መስመር ሲነካ

ደብረ ታቦር፣ የምህንድስና ተማሪዎች በሚሠሩበት ክፍል፣ አንዲት የገሳይ ከተማ ልጅ በርሜል ፊት ተቀምጣለች። ከጓደኞቿ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች በኋላ ነው። የመመረቂያ ሥራዋ በርሜሉ ውስጥ የሚሞላው ውኃ የተሰመረለትን ቀይ መስመር ሲነካ የውኃ መሳቢያውን ሞተር በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ነው። የቡድን ሥራ ነው ይላሉ፤ የቱ ቡድን! ሦስቱ ወንዶች ብቅ የሚሉት ፎቶ ለመነሣት ነው። ውኃውን እንኳ በጀሪካን የተሸከመችው እሷ ናት።

«እትዬ፣ ዛሬም ውኃውን ከመስመሩ በታች ነው የምታቆሚው? ነገ መምህሩ ይጥለናል እኮ!» አለ አንዱ ከደጅ ሆኖ።

«ከሞላ ይፈሳላ።»

«ይፍሰስ! ማን ይመታሻል?»

ሦስቱም ተሳስቀው ሄዱ። ምነው አንዳቸው እንኳ ልብ ብሎ ቢያያት! ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር እጇ ሳታውቀው ግራ ጆሮዋን ይሸፍናል፤ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ በዚያ ጆሮዋ አትሰማም።

ብቻዋን ስትቀር መቆጣጠሪያው ሞተሩን የሚያጠፋበትን ልክ ከመስመሩ ጋር አስተካከለች፤ ሞተሩን አስነሣችና ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጫነች። ውኃው ሽቅብ ወጣ፣ መስመሩን ነካ፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። ጠብታ አልፈሰሰም።

«አያችሁ?» አለች ወደ ደጁ ዞር ብላ።

ማንም አልነበረም።