ግማሽ ዋት

ምን አባቴ አናገረኝ! «አይዞዎት የኔታ፣ እኔ አናግረዋለሁ» ብዬ ሬዲዮኑን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

የኔታ በቤተ ልሔም ደብር የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የሚያስተምሩ ሽማግሌ ነበሩ። እኔም ትንሽ ዜማ የቀመስኩት ከእሳቸው ነው፤ በኋላ ወደ አስኳላው ኮብልዬ በንፋስ መውጫ ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ሆንኩ። አዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ልጃቸው ከእሳቸው የተማረውን ዜማ በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ እንደሚያሰማ መልእክት ልኮላቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚተላለፈው። ሬዲዮኑንም የሰደደላቸው እሱ ነበር፤ ግን ድንጋዩ አልቋል፣ በከተማውም ሱቆች የሬዲዮ ድንጋይ የሚባል ጠፍቷል። ስለዚህ ቅዳሴ እንዳለቀ በበቅሎ ገስግሰው እኔ ዘንድ መጡ።

«የኤሌክትሪኩን ነገር ታውቃለህ አሉ» አሉኝ።

አውቃለሁ እንዴ? ከተማው መብራት የለውም። ሦስት ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር አንዲት አምፖል አብርቼ አላውቅም። ቀመሩን እንደ ዳዊት ሸምድጄ፣ ተማሪዎቼንም አሸምድጄ እኖር ነበር።

ገበያው ዳር የቆመ የጭነት መኪና ነበርና ሾፌሩን ለምኜ ባትሪውን አስፈታሁ። ባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት ነው። የሬዲዮኑ ጀርባ ግን ስድስት ቮልት፣ ዜሮ ነጥብ ሦስት አምፔር ይላል። እንዲሁ ባገናኘው ድብን ብሎ ይቃጠላል! ትርፉን ስድስት ቮልት የሚያስቀርልኝ ሬዚስተር ያስፈልጋል። ስድስትን ለዜሮ ነጥብ ሦስት አካፈልኩ፤ ሃያ ኦም። አላመንኩም፣ ሰረዝኩና ደግሜ ሠራሁት። አሁንም ሃያ። በሰሌዳ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራውን ነገር አምስት ጊዜ አካፈልኩት።

ከትምህርት ቤቱ የሳይንስ ሣጥን ውስጥ ከባቄላ የማትበልጥ የሃያ ኦም ሬዚስተር አገኘሁ። አንዲት ብቻ ናት። የተጠቀለለችበት ወረቀት ላይ «ግማሽ ዋት» የሚልም ነበረበት። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ሰዓቱ ግን ደርሷል፣ የኔታም መቋሚያቸውን ተደግፈው አፍ አፌን ያያሉ። ሽቦውን አገናኘሁ።

ተናገረ! አስተዋዋቂው ጥቂት አወራና የልጁ ድምፅ መጣ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጣታቸው መቋሚያው ላይ ዜማውን ይቆጥር ጀመር። እኔ ደስታዬን ሳልጨርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ሬዚስተሯ ጠቁራ ትጨሳለች! ልንቀላት እጄን ስሰድ ጣቴን ለበለበችኝ፤ ወዲያው ድምፁ እልም አለ፣ ሬዲዮኑም ጭጭ አለ።

አፈር ልብላ! ሽቦውን ጠመዘዝኩ፣ ባትሪውን ነካካሁ፣ ምንም የለም። የኔታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። ልጁ ካቆመበት ቃል አንሥተው በቀጭን ድምፃቸው ዜማውን ቀጠሉ። ጥቂት ሄደው ቆም አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እዚህች ላይ ሁልጊዜ ይስት ነበር። ዛሬ አቅንቷት ይሆን?»

በቅሏቸውን ጭኜ ሸኘኋቸው፤ ሬዲዮኑስ ደህና ነበር፣ የተቃጠለችው ሬዚስተሯ ብቻ ናት። ከዚያ ተመልሼ ሬዚስተሯ የተጠቀለለችበትን ወረቀት ዘረጋሁ፤ ስድስት በዜሮ ነጥብ ሦስት ሲባዛ አንድ ነጥብ ስምንት ዋት፤ ሬዚስተሯ ሳትቃጠል የምትችለው ግን ግማሽ ዋት ብቻ ነበር። አንዲት ማባዛት ናት። አምስት ጊዜ ሳካፍል አንድ ጊዜ አላባዛሁም።